ስድስተኛው ቧንቧ

ረሻድ የሜትሩን ጫፍ ከኮለኑ የዳር ፌሮ ላይ አስደግፎ ሲዘረጋ ሄቨን አየችውና ክው አለች።

«ቆይ ቆይ፣ ከየት ነው የምትለካው?»

«ከፌሮው ነዋ!» አለ የቧንቧ ሠራተኛው፣ ጥያቄው ራሱ አስገርሞት። «ታዲያ ከየት ልለካ? የኮለኑ መሃል ኮንክሪት እስኪሞላ ባዶ ነው። ሜትሩን አየር ላይ ልስቀለው?»

አየር ላይ። ለካ እሷ እስከ ዛሬ አየር ላይ ነበር የለካችው። ሕንፃውን ከነግድግዳው፣ ከነበሩ፣ ከነቧንቧው ኮምፒውተር ውስጥ ስትሠራው ልኩን ሁሉ ያስቀመጠችው ከኮለኑ መሃል ተነስታ ነው። ወረቀት ላይ ስታትመው ደግሞ ጥርት ይበልልኝ ብላ የመሃል መስመሮቹን ደበቀቻቸው። የቀረው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ከየት እንደሚጀመር የሚናገር ምንም ነገር የለውም። እነረሻድ እንዴት እንደሚለኩ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀቻቸውም።

አንደኛ ፎቅ ላይ ስድስቱም የቧንቧ ቀዳዳዎች አንድ ስንዝር ያህል ስተው የወጡት ለዚህ ኖሯል! የደረቀውን የሶሌታ ኮንክሪት ሲሰብሩ ሁለት ቀን ፈጀባቸው። የሕንፃው ባለቤት አቶ ደግፌ ፍርስራሹ መሃል ቆመው፣ «ይሄ ኮምፒውተር አንዴ ይድገመኝና፣ ከዚያ ወዲያ በዚህ ግቢ እንዳላየው» ብለዋል። ኮምፒውተሩ ሲባረር እሷም አብራው እንደምትባረር ማንም ሊነግራት አያስፈልግም ነበር።

ዛሬ ደግሞ የሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ የሚሞላበት ቀን ነው። ፌሮው ታስሮ አልቋል፤ ለቀዳዳ ቦታ የሚይዙት ስድስት ቁራጭ ቧንቧዎችም ገብተዋል፤ ኮንክሪት የጫነው መኪና አየር ጤና ደርሶ መንገድ ተዘግቶበታል። ሄቨን በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የአየር ጤናን መጨናነቅ መረቀችው።

«ጋሽ ጥሩነህ፣ ስድስቱም ይነሱ። የተለኩት ስህተት ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሠላሳ ዓመት ፎርማን ሆነው የሠሩት ጋሽ ጥሩነህ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። «አሁን? መኪናው እየመጣ?»

«ግማሽ ሰዓት ብቻ ይስጡኝ።»

«ግማሽ ሰዓቱ ያለው ሾፌሩ ጋ ነው፣ እኔ ጋ አይደለም። እሱ እስኪደርስ የፈለግሽውን አድርጊ።»

ላፕቶፑን የተደራረበ ጣውላ ላይ አስቀመጠችና ፀሐዩን በጃኬቷ ከለለችው። ከመሃል የተነሱትን ልኮች አጠፋች። ከዳር ፌሮው ተነስታ አንድ በአንድ እንደገና ለካች። ማተሚያ የለ፣ ጊዜ የለ፤ ቁጥሩን ትጮኻለች፣ ረሻድ ደግሞ ይመልስላታል፣ ከዚያ ቁራጩን ቧንቧ አቁሞ ያስራል። «አንድ ሜትር ከአሥራ ሁለት!» «ከአሥራ ሁለት!» አምስቱ ቦታ ቦታቸውን ያዙ።

ስድስተኛው ልክ ፌሮ ላይ አረፈ።

«አራት ጣት ገፋ አድርገው» አሉ ጋሽ ጥሩነህ። «አራት ጣት ማን ያየዋል!»

«አይገፋም።»

«ለምን አይገፋም?»

«ከሥሩ በር አለ።»

ጋሽ ጥሩነህ ጎንበስ ብለው በጣውላው ክፍተት ወደ ታች አዩ። የባሕር ዛፍ ድጋፍ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። «የታለ በሩ?»

እውነታቸውን ነው፤ ግድግዳው ገና አልተሠራም። በሩን የሚያውቁት ኮምፒውተሩና እሷ ብቻ ናቸው። ሄቨን ስክሪኑን ወደሳቸው አዞረች። አዩት፣ እንደ ወትሯቸው በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ይሄን መነቅነቅ ታውቀዋለች፤ አልገባኝም ማለታቸው ነው። ሁልጊዜ ከላይ ነው የምታሳያቸው። እሳቸው ግን ሥራቸውን የሚያዩት ከታች ነው፤ ድጋፉ መሃል ቆመው፣ አንጋጠው።

ስለዚህ ሕንፃውን ገለበጠችው። ከአንደኛ ፎቅ ወለል ሽቅብ እንደሚታየው አደረገችና፣ «ታች ቆመው ቀና ብለዋል እንበል» አለቻቸው።

መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ይሄ ግድግዳው ነው?»

«ነው። ቧንቧው እሱ ውስጥ ነው የሚወርደው። አሁን አራት ጣት ልግፋው።»

ገፋችው። ቧንቧው ከግድግዳው ወጥቶ በሩ የሚከፈትበት ቦታ ላይ ቆመ። በሩን ስትከፍተው ግማሽ ላይ ሲደርስ ገጨው።

የግቢው በር ላይ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። አካፋ የያዙት ሁሉ ብድግ አሉና ጋሽ ጥሩነህን ማየት ጀመሩ። ኮንክሪት የጫነ መኪና አስቁመው የማያውቁት ሰውዬ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጡ ቀሩ። ሄቨን አፏን ከፍታ መለመን አማራት፤ ግን ልታሳያቸው የምትችለው ሁሉ ከፊታቸው ነበር።

ተነሱ። ሶሌታው ጫፍ ድረስ ሄደው በሁለት እጃቸው አፋቸውን ከበቡ። «አንተ! እዚያው ጠብቅ!»

ተመልሰው መጡና ከረሻድ እጅ ጉጠቱን ተቀብለው በጉልበታቸው ተንበረከኩ። «ፌሮውን እናነሳዋለን። ጎኑ ላይ አንድ እንጨምርለታለን፤ ይችላል።»

ሽቦውን ሲፈቱ ቆይተው፣ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ዘነበወርቅ ሰፈር አንድ ቤት ሠርቼ ነበር። የሽንት ቤቱ በር ግማሽ ድረስ ይከፈትና ቧንቧ ይነካል። ወንድዬ የሚባል አናጢ ነበረን። በሩን አበላሸህ ብዬ በሰው ፊት ሰደብኩት፤ ከሥራም አስወጣሁት።»

ሄቨን አጠገባቸው ተንበረከከች።

«ያዢልኝ» አሉ፣ ፌሮውን ወደሷ እየገፉ።

በሁለት እጇ ያዘችላቸው። ሾፌሩ እንደገና ጥሩምባውን ነፋ፤ ሁለቱም ዞር አላሉም።