የመጨረሻዋ መደብ

ፈዬራ ያበበውን ባቄላ በዶማ እየገለበጠ አፈር ሲያለብሰው፣ ሚስቱ ጂቱ ነጠላዋን አንዴ እያጣፋች አንዴ እየፈታች ከኋላው ትንቆራጠጥ ነበር። “መሬቱ ደክሟል፤ ባቄላውን እንዳበበ ካበሉት ለከርሞ ጎመኑ ይወፍራል” ያለው የእርሻ ሚኒስቴር ሰው ነው። እሷም ነገሩን አልጠላችውም። “ይቺን የመጨረሻዋን መደብ ብቻ ተውልኝ፤ ፍሬ ቋጥራለች፣ ለእሸት ሁለት ሳምንት ቢቀራት ነው” ብትለው፣ “እኛ ከበላነው መሬቱ ምን ይብላ?” አላት፤ ቀና እንኳ አላለ።

ወደዚያችው መደብ ሲጠጋ ጎረቤቶች በአጥሩ ዘለው ገቡ። ያበበ ባቄላ የሚቀብር ሰው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ እንጦጦ ታይቶ ስለማይታወቅ፣ ሰይጣን የያዘው መስሏቸው ሁለቱ ክንዱን ያዙት፤ አንዱ ዶማውን ነጠቀው። “እንጦጦ ጠበል ይውጣ!”

“ጤነኛ ነኝ! ጂቱ፣ ንገሪያቸው እንጂ!” እያለ ተንፈራገጠ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ልጄ?” አሉ ከመሀላቸው አንድ ሽማግሌ ወደ እሷ ዞረው።

ጂቱ ባሏን አየችው። ከዚያ ነጭና ጥቁር አበባዋ በነፋስ የሚወዛወዘውን መደብ አየች።

“ከጠዋት ጀምሮ ነው፣ አባቴ” አለች ነጠላዋን እያጠበቀች። “ሁለት ሳምንት ሳይጠመቅ ግን እንዳትለቁት።”