የአባባ ድምፅ በእህቴ መልስ

የሙዚቃ ሰርቨራችን የቤቱን ፕሮሰሰር ዘጠና ስምንት በመቶ ስለያዘው በዚያው ፕሮሰሰር የሚሠራው የእማዬን የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ መዘግየት ጀመረ። ለአንድ ቤት የሚፈቀደው አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ነው። በእህቴ መልስ ላይ እንግዳው ሁሉ "ተቀበል!" እያለ ለሟቹ አዝማሪ አባቴ ግጥም ይሰጣል፤ ሰርቨሩም በአባባ ድምፅ አዲስ ስንኝ እየፈጠረ ይመልሳል።

"እማዬ፣ ይሄን ላቁመውና የድሮ ቅጂዎቹን ልክፈት። ልብሽ እየዘለለ ነው።"

"ድሮም እሱ ሲዘፍን ይዘላል!"

እንግዶቹ ሳቁ። የእሷ ከንፈር ግን ጠቁሯል።

አባባ "ልጄ ማህደር" ብሎ ለእኔ አንድ ስንኝ ጀመረ። ሳይጨርስ አቆምኩት። እማዬ በደንብ መተንፈስ ጀመረች።

"ስንኙን እንኳ ብታስጨርሺው ምን ነበረበት?" አለችኝ። "ውጪልኝ!"

ወጥቼ በሩን ዘጋሁት።