ያልተቀመሰው ቀንድ

ሽማግሌው ንዴሪቱ ቀንዱን በማር ጠጅ ሞልተው፣ ሳይቀምሱ ለሙሪጊ ዘረጉለት። ሙሪጊ ተቀበላቸው እንጂ ወደ አፉ አላቀረበውም። ለምርጫ በየመንደሩ ሲዞር ያስተናገዱት ሁሉ አስቀድመው ቀምሰው ነበር የሰጡት። የድንች ማሳውን ትቶ ናይሮቢ፣ በእንግሊዞቹ ምክር ቤት ከተቀመጠ ወዲህ ደግሞ «ከነጮቹ ጋር እየበላ መሬታችንን ሊሸጥ ነው» መባሉን ሰምቷል። ዛሬ የመጣው የተወለደበት መንደር ሽማግሌዎች ስለ መሬታቸው እንዲናገርላቸው ዳግም ወደ ምክር ቤቱ እንዲልኩት ሊለምን ነበር። ዙሪያውን ቃኘ። የተሰበሰቡት ሽማግሌዎች ሁሉ ዓይናቸውን ከንፈሩ ላይ ተክለዋል።

«ምነው ልጄ፣ ዝንብ ገባበት እንዴ?» አሉ ንዴሪቱ። ከኋላ አንዱ ሳቀ።

«አባቴ፣ መቅመሱን ረሱት መሰለኝ» አለ ሙሪጊ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

ሳቁ ቀጥ አለ። ሽማግሌው ቀንዱን ከእጁ ወስደው አንዴ ተጎነጩለትና በአክብሮት፣ በሁለት እጃቸው መልሰው ሰጡት።

«አልረሳሁም። የሚቀመሰው ለእንግዳ ነው፤ ለቤት ልጅ ማን ቀምሶ ያውቃል? በል እንግዲህ ጠጣ። ስለ መሬታችን ግን የቤት ሰው እንልካለን።»