የዓመቱ አልበም

ዝላትኮና ታናሽ ወንድሙ ቦይኮ የሚኖሩት ሩሴ ከተማ ዳር፣ አባታቸው በተዉላቸው ቤት ነበር። ሁለቱም ሚስት አላገቡም፤ ሙዚቃ ግን አይጠግቡም። ኮንሰርት አለ ከተባለ ቡልጋሪያን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያቋርጣሉ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ራኪያ የሚሉትን የፍራፍሬ አረቄያቸውን ይዘው ይቀመጡና የዓመቱን ምርጥ አልበም ይመርጣሉ። አንድም ዓመት ያለ ጭቅጭቅ ተስማምተው አያውቁም።

በጥር ኔቬና የምትባለው ዘፋኝ ሩሴ መጣች። ዝላትኮ ጉንፋን ስለያዘው ቦይኮ ብቻውን ሄደ። ከአዳራሹ ደወለለት።

"አመለጠህ ወንድሜ! መኪናዋን ራሷ እየነዳች፣ ዘግይታ፣ በረዶ ለብሳ ገባች። ድምፅዋ ግን ልብ ያቀልጣል።"

"በታክሲ ተመለስ።"

"በዚህ በረዶ ታክሲ ከየት ይመጣል? በእግሬ እመጣለሁ።"

በማግስቱ ጠዋት ቦይኮን ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ፣ መንገድ ዳር ሞቶ አገኙት። መኪና ገጭቶት ነበር። ገጪው ጥሎት ሄዷል፤ ያየ ሰው አልነበረም።

ለቀስተኛው ገና ሳይበተን ዝላትኮ ዓይኑን ጎረቤቱ ላይ ተከለ። ክራሰን ይባላል፤ በቫን ሥጋ ለየሱቁ የሚያደርስ ሰው ነው። በሙዚቃ ጩኸት የተነሳ ከቦይኮ ጋር ተጣልተው ነበር። "ይህን ማጫወቻ አንድ ቀን ከነአንተ አደቅቀዋለሁ" ብሎ ሲዝትበት ሰፈሩ ሰምቷል። የቫኑ የፊት መብራትም የተሰበረው በዚያው ሳምንት ነው።

"የገጨሁት የዱር አሳማ ነው" አለ ክራሰን አጥሩን ተደግፎ።

"አሳማው የታለ?"

"በላነዋ!"

"አጥንቱስ?"

"ለውሻው ሰጠሁት። ስማኝ ዝላትኮ፣ እንኳን ወንድምህን..."

"ወንድሜን በዚያ አፍህ እንዳትጠራው!"

ፖሊስ ክራሰንን ጠርቶ ጠየቀው፤ ማስረጃ የለም ብሎ ለቀቀው። ሲወጣ ዝላትኮ ደጃፉ ላይ ይጠብቀው ነበር።

"እነሱ ለቀቁህ" አለው። "እኔ ግን አልለቅህም።"

ያን ዓመት ዝላትኮ ሁለት ነገር ብቻ ሠራ። ክራሰንን አሳደደ፤ ሙዚቃ ሰማ።

ሱቅ በሱቅ እየዞረ "የነፍሰ ገዳይ ሥጋ ትሸጣላችሁ?" ይል ጀመር። በረዶው ቀልጦ ሳያልቅ ግማሾቹ ከክራሰን መግዛት አቆሙ። አንድ ቀን በክራሰን በር ላይ በቀይ ቀለም "ገዳይ" ተብሎ ተጽፎ አደረ። ሚስቱ ስትፍቀው ዋለች። በማግስቱ ተመልሶ ተጽፎ ነበር።

በሚያዝያ ዝላትኮ ቫርና ወርዶ የዋሽንት ነፊዎች ቡድን አየ። ቦይኮ ቢኖር ትከሻዬ ላይ ተኝቶ ያንኮራፋ ነበር ብሎ ብቻውን ሳቀ። በግንቦት የገዛውን የጃዝ አልበም ሁለት ጊዜ ሰምቶ ተወው። ሙዚቃው ሁሉ እንጨት እንጨት አለው።

በሰኔ የኔቬና አዲስ አልበም ወጣ። ስሙ "የማይቀልጥ" ነው። ሰው በሙቀት ልብሱን በሚጥልበት ወር ወጥቶ፣ ዘፈኖቹ ሁሉ በረዶ በረዶ ይላሉ። ዝላትኮ የመጀመሪያውን ሲሰማ ወንበሩ ላይ ደርቆ ቀረ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ድምፅ ነበር።

"ይቺ ልጅ ቁስሌን በምን አወቀችው?" አለ።

ከዚያ ወዲያ የሄደችበት ሁሉ ተከተላት። በሐምሌ ፕሎቭዲቭ፣ በጥንታዊው ቲያትር የድንጋይ መቀመጫ ላይ ከፊት ተቀመጠ። በመስከረም ቡርጋስ ሄደ። ሙዚቀኞቿ በመኪና ሲመጡ እሷ ብቻዋን ከባቡር ትወርዳለች፤ ኩራት የላትም ብሎ ይበልጥ ወደዳት። ሩሴ ብቻ አልመጣችም። "እኛ ምን በደልናት?" እያለ ያማርር ነበር።

ከኮንሰርት በተመለሰ ቁጥር ንዴቱ ይታደሳል። በጥቅምት አንድ ማለዳ የክራሰን ቫን ግቢው ውስጥ ነደደ። ክራሰን ሊያጠፋ ሮጦ ሁለቱም እጆቹ ተቃጠሉ። ጩኸቱ ሰፈሩን ሲያናውጥ ዝላትኮ መስኮቱን ዘጋ፤ የኔቬናን ዘፈን ከፍ አድርጎ ከፈተ። እሳቱን ማን እንደለኮሰው ሁሉም ያውቃል፤ የመሰከረ ግን የለም።

ብዙም ሳይቆይ እነክራሰን ዕቃቸውን ጭነው ሰፈሩን ለቀቁ። ሚስትየዋ ከመኪናው ወርዳ ወደ ዝላትኮ መጣች።

"እንግዲህ ደስ ይበልህ" አለችው። "ማንኪያ እንኳ መያዝ አይችልም።"

"ወንድሜም አይችልም።"

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ዝላትኮ ብቻውን ተቀመጠ። የሚጨቃጨቀው አልነበረም። "የማይቀልጥ" የዓመቱ አልበም ሆነ። ኔቬና ሶፊያ ውስጥ በአንድ የሙዚቃ ሸክላ መሸጫ እኩለ ቀን ላይ ለአድናቂዎቿ እንደምትፈርም ሲሰማ አልበሙን ይዞ ሄደ። ተራው ደረሰ።

"ልጄ፣ ከዘንድሮ ሁሉ ይህን መረጥኩ" አላት። "በጥር፣ ሩሴ ላይ፣ ካንቺ ኮንሰርት ሲመለስ ወንድሜን መኪና ገጭቶ ገደለብኝ። በእግሬ ያቆመኝ የአንቺ ዘፈን ነው። ገዳዩንም አልማርኩትም፤ የእጁን ሰጥቼዋለሁ።"

የኔቬና ብዕር ወረቀቱ ላይ ቆመ።

"አመነ?"

"እነሱ መቼ ያምናሉ!"

አንገቷን ደፍታ አልበሙን አገላበጠች። ከኋላ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ።

"በማን ስም ልፈርምልዎ?" አለች በመጨረሻ፣ ቀና ሳትል።

"ዝላትኮ በይው።"

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ከመኪናዬ ወርጄ በረዶው ላይ አጠገቡ ስንበረከክ፣ እየደጋገመ የጠራው ይህን ስም ነው።"