አሥራ አንደኛው ቦርሳ

ሁሴኖ ስድስተኛውን ቦርሳ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ጆሮው ሥር አስጠግቶ ደግሞ ይከፍታል። ክዳኑን የሚይዘው የብረት ቁልፍ ጠቅ ባለ ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል። ሃዊ ከሥራ ግንዷ ፊት ተቀምጣ፣ መዶሻዋን ሳታቆም በልቧ ትቆጥራለች። አምስት ቀርቷል።

አሥራ አንደኛውን ቦርሳ ዛሬ ጠዋት በገዛ እጇ አበላሽታዋለች።

ሃያዎቹ ቦርሳዎች ናሙና ናቸው። ገዢው ሁሴኖ ከወደዳቸው፣ በፈረስ ገጠር ለገጠር ለሚዞሩት የከብት ክትባት ሠራተኞች ስምንት መቶ ያዛል። ስምንት መቶ ቦርሳ ማለት ለሃዊ ሌላ አንድ ዓመት አሰላ ማለት ነው። ባሏ ጅብሪል ለሥራ ወደ ሮቤ ከተዛወረ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቶ፣ ሰፊ አልጋ ገዝቶ፣ ብቻውን ይተኛበታል። አሳዳጊዋ እትዬ አባይነሽ «ይቺን ትዕዛዝ ብቻ ጨርሺና ትሄጃለሽ» ሲሏት ይህ አራተኛ ጊዜያቸው ነው። ጅብሪል ትናንት ሲደውል እንኳ አልተቆጣም። «እሑድ መናኸሪያ ወጥቼ እጠብቅሻለሁ። ካልመጣሽ ሁለተኛ አልጠብቅም» አለና ዘጋው። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

እምቢ ማለት አይቻልም ወይ? ሌላ ሰው ቢሆን ይቻላል። እትዬ አባይነሽን ግን ምን አፍ እምቢ ይላል! እናቷ የሞተች ዕለት ከለቅሶው መሀል እጇን ይዘው ያወጧት እሳቸው ናቸው። አሳድገዋታል፤ ከኮርቻ ሠሪው ሟች ባላቸው የቀሰሙትን የቆዳ ሙያ አስተምረዋታል፤ በሠርጓም ቀን ለእስላሙ ዘመድ በሬውን በእስላም እጅ አሳርደው፣ ድስቱን ሳይቀር ለብቻ ገዝተው ነው የዳሯት። ስለዚህ ሃዊ በአፏ ያልቻለችውን በመዶሻ ልትለው አሰበች።

ቁልፍ መምታት ለሚያውቀው ቀላል ነው። ቀዳዳውን ሁሉ አስቀድሞ መብሳት፤ የቁልፉን ቆብ ጎድጓዳው ብረት ላይ መድፋት፤ ሴቴዋን ክፍል ማልበስ፤ የመምቻውን ዘንግ ቀጥ አድርጎ ሁለት ጊዜ መምታት። ወንዴውም እንደዚያው። «አንዱ ለማግባባት፣ አንዱ ለማሰር» ይላሉ እትዬ አባይነሽ። ሦስተኛ ምት የጨመረ የቁልፉን አንገት ያጣምመዋል፤ ከዚያ ወዲያ አይዘጋም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሃዊ የመታችው ቁልፍም እዚያ ላይ ይጨመር። ጠዋት ሦስት ልታበላሽ ነበር ሐሳቧ። ለሦስተኛው ምት መዶሻውን ባነሳች ቁጥር እጇ አየር ላይ ቀጥ ይላል። የገዛ እጇ እንደ በቅሎ ገተረባት። በመጨረሻ ዓይኗን ጨፍና አንዱን መታችው።

ሁሴኖ አሥራ አንደኛውን አነሳ። ይዘጋዋል፤ ድምፅ የለም። በአውራ ጣቱ አጥብቆ ይጫነዋል። ገልብጦ ሲያራግፈው ክዳኑ ተከፍቶ ይንጠለጠላል።

«ይሄ ምንድነው?» ይላል። «ሰው ፈረስ ላይ ሆኖ ይሄ ቢከፈት መድኃኒቱ ገደል ገባ ማለት እኮ ነው።»

የሃዊ መዶሻ ይቆማል። በቃ፣ ተሳካ። እሑድ ሮቤ ናት።

እትዬ አባይነሽ ከበርጩማቸው ተነስተው ቦርሳውን ይቀበላሉ። ያስጠጉታል፤ ያርቁታል፤ በጥፍራቸው ይዳስሱታል።

«የኔ ነው» ይላሉ ቀስ ብለው። «ትናንት ጥቂቱን የመታሁት እኔ ነበርኩ። የልጅቱ እጅ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም። እሷን እንዳታማብኝ፣ ሁሴኖ።»

ሁሴኖ የቀሩትን ዘጠኙን ይሞክራል። ዘጠኙም ጠቅ ይላሉ። «ቶሌ፣ ተስማምተናል» ይላል በመጨረሻ። «እትዬ፣ አይቀየሙኝ እንጂ ስምንት መቶውንም እሷ ትምታው። እርስዎ መዶሻ አይንኩ። ውሉም በእሷ ስም ይጻፍ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሃዊ አፏን ትከፍታለች። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ልትል ነው፤ በሰው ፊት ግን፣ አሁን ስለ እሷ ተዋርደው በቆሙት ሴትዮ ፊት፣ መናገሩ አይሆንላትም፤ መዶሻዋን መልሳ ታነሳለች። ሁሴኖ ተሰናብቶ ወጣ፤ ደጅ ጋሪ ሲጣራ ይሰማል።

እትዬ አባይነሽ ይቀመጣሉ። ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ገልብጠው፣ ደግመው ያያሉ።

«ሃዊዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አልቀየምሽም።»

ሃዊ ክው ትላለች። ያወቁባት መሰላት።

«ዓይኔ ነው ወይስ እጄ?» ይላሉ። «እጄ ከሆነ አትደብቂኝ። የባሌ በሽታ የጀመረው እንዲህ ነበር። መጀመሪያ መዶሻው ሳተበት፤ በዓመቱ ማንኪያ መያዝ አቃተው።»

የዘረጉት እጅ ደህና ነው፤ ቅንጣት አይንቀጠቀጥም። የሚንቀጠቀጠው አገጫቸው ነው። ሃዊ አንዲት ቃል ብትናገር ይህን ፍርሃት ከላያቸው ታወርደዋለች። ቃሏን ተናግራ ግን ዳግመኛ እዚህ ቤት ልጅ ተብላ እንደማትጠራ ታውቃለች። እጅዎ ነው ማለት ግፍ ነው። ዝም ማለትም ያው ነው። አንዲት መውጫ ብቻ አየች፤ ወዴት እንደምታስገባት እያወቀች ገባችባት።

«ዓይንዎ ነው፣ እትዬ።»

«ተመስገን!» ይላሉ፤ ፊታቸው ሁሉ በራ። «እሱማ ምን ገዶኝ! ዓይንማ አንቺ አለሽልኝ።» አንገቷን አቅፈው ግንባሯን፣ ጉንጮቿን፣ ደግሞ ግንባሯን ይስሟታል። ሃዊ መዶሻውን እንደያዘች ትሳማለች።