ዘንድሮ ሙቀቱ ቀላል ነው

«ማን ሞተ?» አለችኝ አክስት ኢባዶ፣ ከሚኒባሱ ስወርድ ገና እንዳየችኝ።

አልፈርድባትም። በሐምሌ ከበርበራ ይሸሻል እንጂ ወደ በርበራ አይመጣም። ሴትና ልጅ ሁሉ ሼክ ተራራ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛ አየር ይስባል፤ እዚህ የሚቀሩት ወደብ ላይ የሚሠሩ ወንዶች፣ ፍየሎች፣ እና እንደ ጎረቤቴ እንደ ኢባዶ «የተወለድኩበትን ሙቀት አልሸሽም» የሚሉ ግትር አሮጊቶች ናቸው። ነፋሱ አሸዋውን እያፈሰ ፊቴ ላይ ይደፋዋል።

«ማንም አልሞተም። ባሌን ልይ ብዬ ነው።»

«በዚህ ቀትር? አብደሻል ሹክሪ! ነይ እኔ ቤት አረፍ በይ፣ ውሃ አፍስሺ በላይሽ። ሲመሽ ትሄጃለሽ።» ይህን እያለች የያዘችውን ፔርሙስ በሻሿ ጫፍ ሸፈነችው።

አየኋት። መጠርጠር የጀመርኩት ከሼክ ሳልነሳ ነው፤ አሁን ግን ነገር ነገር ሸተተኝ።

ባሌ ኩልሚዬ ከተጋባን ጀምሮ በየሐምሌው ሲደውል ሰላምታው እሮሮ ነው። «ተጠበስኩ፣ ቀለጥኩ፣ ነይና አጥንቴን ልቀሚ!» ይላል። እናቴ ሳትቀር «ያ ሟሚው ባልሽ ደወለ?» ትለኛለች። ዘንድሮ ሙቀቱ እንዴት ነው ስለው «ቀላል ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አለኝ። አንዴ ቢሆን ባለፍኩት። በደወለ ቁጥር ቀላል ነው። በሐምሌ በርበራ ተቀምጦ የማያማርር ወንድ የሚያራግብለት ሰው አግኝቷል፤ ሌላ ትርጉም ያለው ካለ ይንገረኝ። ሚስት ተራራ ላይ ሳለች ሁለተኛ ያገባ ወንድ እኛ ሰፈር ብርቅ አይደለም።

መንገዱን ይዤ ነጎድኩ። አክስት ኢባዶ በዚያ እድሜዋ እያለከለከች ተከተለችኝ።

«ልጄ፣ ቆዪ እስቲ አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«ራሴ አየዋለሁ።»

ግቢያችን ውስጥ ማራገቢያው አቧራ ለብሶ ግድግዳ ሥር ተጥሏል። ልጆቻችን እንኳ እንዳይነኩበት ሲጣላለት የኖረው ማራገቢያ! ገመዱ ላይ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ታጥቦ ተሰጥቷል። መስኮቶቹ ተዘግተዋል፤ ቀዳዳቸው ሳይቀር ጨርቅ ተወትፎበታል። በዚህ ከተማ በዚህ ወር መስኮት የሚዘጋ ጤነኛ ሰው አላውቅም።

«ፔርሙሱ ውስጥ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ሾርባ።»

«ትኩስ?»

ዓይኗን ከዓይኔ ሸሸገች። የተዘጋ መስኮት፣ ብርድ ልብስ፣ ትኩስ ሾርባ። እኔም ሦስት ጊዜ ወልጄ እንዲሁ ታፍኜ፣ በዚችው በኢባዶ እጅ እንዲሁ ሾርባ ተግቼ ነው አርባ ቀኔን የጨረስኩት።

«አራስ ናት» አልኳት። «ወልዳለታለች! እኔ ተራራ ሳልወጣ ጀምሮ ነዋ! አብሬው እየተኛሁ! አንቺም ታርሺያታለሽ፣ አክስቴ? በእነዚህ ልጆቼን በታቀፍሽበት እጆችሽ?»

«አስተግፊሩላህ! ሹክሪ፣ አፍሽን ያዢ!»

«ማናት? የማን ልጅ ናት? ስሟን ንገሪኝ፣ ጸጉሯን ስነጭ የማንን እንደነጨሁ ልወቅ!»

«ሐኪም ቤት ወስደነው ነበር…» ማለት ጀምራለች፤ እኔ ግን አልሰማኋትም። በሩን በትከሻዬ ገፋሁት።

ውስጡ ምድጃ ነው። ምድጃ ስል እያጋነንኩ አይደለም፤ አልጋው አጠገብ የከሰል ማንደጃ እየነደደ ነበር። ጨለማውን ዓይኔ እስኪለምደው ቆምኩ። አልጋው ላይ እስከ ራሱ ተሸፋፍኖ የተኛ አንድ ሰው አለ። ትንሽ ናት። ከብርድ ልብሱ ሥር ያለው ገላ የአንዲት ለጋ ልጃገረድ ያህል ነው። የኛን ትልቋን ልጅ ታህላለች ብዬ ተቃጠልኩ፤ በአላህ፣ ደሜ ፈላ። ብርድ ልብሱን በሁለት እጄ ይዤ ገፈፍኩት።

ኩልሚዬ ነው።

ያ ወደብ ላይ የስኳር ጆንያ በአንድ ትከሻው የሚሸከም ሰው ጉልበቱን ደረቱ ላይ አጥፎ ተኝቷል። ሁለት ሹራብ ለብሷል። ጉንጩ ገብቶ ጥርሱ ብቻ ቀርቷል፤ ጥርሱም ይንገጫገጫል። የእኔ ላብ ከግንባሬ አገጬ ላይ እየተንጠባጠበ ነው። ግራ በተጋባ ዓይን ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ሹክሪ» አለኝ፣ «በሩን ዝጊው። ብርድ ገባ።»

እጁን ያዝኩት። በርበራ፣ ሐምሌ፣ ቀትር፣ የሚነድ ከሰል አጠገብ፣ እጁ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። አልዋሸኝም ነበር። ሙቀቱ እውነትም ቀሎታል።

«ሐርጌሳ ወስደነው ነበር» አለች አክስት ኢባዶ ከኋላዬ፣ በሹክሹክታ። «ሐኪሞቹ ቤቱ ውሰዱት አሉን። ለሹክሪ ብትነግሪያት አልምርሽም፣ ልጆቹ በዚህ ሙቀት እንዳይወርዱ ብሎ አስማለኝ። ምን ላድርግ፣ ልጄ?»

ቤቱን ዞሬ አየሁት። የኩል ዕቃ፣ የጸጉር ማበጠሪያ፣ ከአልጋው ሥር የሴት ጫማ፣ ምንም ቢሆን ብዬ አንድ በአንድ ፈለግኩ። የሰውየው ሽርጥና የሾርባ ጣሳ ብቻ ነበሩ። ከዚህ በፊት እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

«አክስቴ» አልኳት፣ «በአላህ ይዤሻለሁ፣ ሴት አለው በይኝ።»

አሮጊቷ ዞር ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።