ከሆድ የመጣው መጽሐፍ

"ወንድምሽ ከሆዴ ይዞልሽ የመጣው ስጦታ ነው" ብላ እናቷ የሥዕል መጽሐፉን ስትሰጣት፣ የአምስት ዓመቷ ሹሩቅ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ አሸተተችውም።

"ከሆድሽ ከመጣ ለምን አልራሰም?"

እናቷ ሰምታ እንዳልሰማች ወደ እንግዶቹ ዞረች። ሕፃኑ የተወለደበት ሰባተኛ ቀን በዓል ነበር። ሹብራ ሰፈር ያለችው ጠባብ ቤታቸው በዘመድ ተሞልታለች። እንደ ወጉ ሕፃኑን በትልቅ ወንፊት አስተኝተውት፣ አያትየዋ ጆሮው ሥር የነሐስ ሙቀጫ እየደለቀች "የእናትህን ቃል ስማ! የአባትህን አትስማ!" ስትለው ሁሉም ይስቃል። ሹሩቅ ግን ጥግ ይዛ መጽሐፉን ገለጠች። በየገጹ አንዲት ታላቅ እህት ሕፃን ታቅፋ ትስቃለች። ይሄ ሁሉ ሳቅ አልተዋጠላትም። የሕፃኑ ፊት ደግሞ በየገጹ በእስክሪብቶ ተሞነጫጭሯል።

"ሪሃም፣ ይሄን ማነው እንዲህ ያደረገው?"

ታላቅ እህቷ ለእንግዶች ሻማ ማደሏን አቁማ ከንፈሯን ነከሰች።

"እኔ ነኝ። አንቺ የተወለድሽ ጊዜ ነው የሰጡኝ።"

"ምን ብለው?"

"አንቺ ከሆድ ይዘሽልኝ የመጣሽው ነው ብለው።"

ሹሩቅ የተሞነጫጨረውን ፊት ትክ ብላ አየችው። ቀጥሎ ወንፊቱን አየች። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

"እስክሪብቶውን አምጪ።"